እሜቴ መሀል ሐይቅ ላይ ያኮርፋሉ

ካፒቴን ይሉታል። ማዕረጉን ያገኘው ከባሕር ኃይል አይደለም። አንድ ቀን መሀል ሐይቅ ላይ ሞተሩ ሲጠፋበት አንድ ተሳፋሪ «እንግዲህ ካፒቴን፣ ዋና የማይችል ሰው ምን ይሻለዋል?» ብሎ ቀለደበት። ሌላ ሰው ቢሆን ይቆጣ ነበር። እሱ ግን ቀልዱን እንደ ሹመት ተቀብሎ በማግስቱ ከልባሽ ጨርቅ ተራ ጥልፉ የረገፈ ቆብ ገዝቶ አጠለቀ። ከዚያ ወዲህ ቀልዱ ስም ሆኖ ቀረ፤ የቀለደው ሰውዬ እንኳ አሁን «ካፒቴን» ሲለው አይስቅም።

ሥራው ሰው ማሻገር ነው፤ ከከተማው ዳር ወደ ማዶ፣ ከማዶ ወደ ከተማው። ጠዋት ሻጩን፣ ተማሪውንና በሽተኛ ጠያቂውን ይወስዳል፤ ማታ የተሸጠለትን ከነደስታው፣ ያልተሸጠለትን ከነዘንቢሉ ይመልሳል። ጎሕ ሲቀድ ሐይቁን ያየ ሰው ያን ውሃ ለመንካት ይሳሳል፤ ገና ማንም እንዳልተኛበት አንሶላ ተወጥሮ ይጠብቃል። መጀመሪያ የሚያጨማድደው የካፒቴኑ ጀልባ ነው፤ ያውም እያስነጠሰ።

የሚያስነጥሱት እሜቴ ናቸው። እሜቴ ማለት ከጀልባው ኋላ ተንጠልጥለው ውሃውን የሚገፉት ሞተር ናቸው። ዕድሜያቸው ከካፒቴኑ አንድዬ ልጅ ይበልጣል። ቀለማቸው ድሮ ሰማያዊ ነበር ይላል ካፒቴኑ፤ አረንጓዴ ነበር ትላለች ሚስቱ፤ አሁን ለምስክርነት የሚበቃ ቅንጣት ቀለም የላቸውም። ካፒቴኑ አንቱ ሳይል ጠርቷቸው አያውቅም። «ይህን ያህል ዘመን ተሸክሞ ያኖረኝን ማን ደፍሮ አንቺ ይላል?» ባይ ነው።

«እኔስ?» ትላለች ሚስቱ። «እኔ ስንት ዘመን ተሸከምኩህ? ሚስቱን አንቺ፣ ብረቱን እርስዎ የሚል ባል ያየ አለ?»

«እሳቸው ሲያኮርፉ ገመድ ስቤ አስነሣቸዋለሁ። አንቺን በምን ገመድ?»

ሚስትየው የዳንቴል ሰው ናት። ቤታቸው ሁለት ክፍል ነው፤ በሁለቱም ውስጥ ራቁቱን የቆመ ዕቃ የለም። ቴሌቪዥኑ ዳንቴል ለብሷል፤ ራዲዮኑም እንዲሁ፤ የውሃው ጀሪካን እንኳ ቀሚስ አለው። ሶፋው ጨርቅ ለብሷል፤ ጨርቁ እንዳይቆሽሽ ፕላስቲክ ለብሷል፤ ፕላስቲኩ እንዳያልብ በላዩ ሌላ ጨርቅ ተነጥፏል። እንግዳ ሶፋ ላይ መቀመጡን የሚያውቀው በእምነት ነው። ልጃቸው ትንሽ ሳለች በጠራራ ፀሐይ ሹራብ በሹራብ ደርባ ትምህርት ቤት ስትሄድ መንደሩ ይስቅ ነበር። «ይሳቁ» ትላለች እናት፣ «የሳቀው ሁሉ ሲያስል አይቼዋለሁ።» ሰው የሚወደውን ይሸፍናል፤ ሃይማኖቷ ይኸው ነው።

ታንኩን ያለበሰችውም በዚሁ ሃይማኖት ነው። ለእሜቴ ቤንዚን በጎማ ቱቦ የሚሄድላቸው ጀልባው ወለል ላይ ከተቀመጠ ስስ የቆርቆሮ ታንክ ነው። በታንኩ ክዳን ላይ የምስር ፍሬ የምታክል ቀዳዳ አለች። አንድ ክረምት ሲዘንብ አድሮ ውሃ በዚያች ቀዳዳ ገባና ቤንዚኑን በከለው፤ እሜቴም ቀኑን ሙሉ ሲንቀጠቀጡ ዋሉ። ካፒቴኑ ቤት ገብቶ ሲያወጋ ሚስቱ ሰምታ ስታበቃ ክርና መርፌዋን አወጣች። ከውስጥ ፕላስቲክ፣ ከውጭ ዳንቴል፣ ከታች ላስቲክ፣ ከላይ ደግሞ ክዳኑን እንደ ሕፃን ራስ ጥብቅ አድርጋ የምታቅፍ ቆብ፣ ከነማሰሪያዋ።

«ከእንግዲህ ምንም አይገባም» አለች።

እውነቷን ነበር። ምንም አልገባም።

ኩርፊያው የጀመረው ከዚያ ወዲህ ነው፤ ግን ሁለቱን ነገር ማንም አላገናኛቸውም። እሜቴ ከዳር ሲነሡ ደኅና ናቸው። ልክ መሀል ሐይቅ፣ እንደተኛ በሬ ጀርባውን ያወጣው ጥቁር ድንጋይ አጠገብ ሲደርሱ ድምፃቸው ይሰልላል፤ ሁለት ጊዜ ያስላሉ፤ ከዚያ ጸጥ። ያን ጊዜ ካፒቴኑ የሚፈጽመው ሥርዓት አለው። ማሰሪያውን ፈትቶ ልብሱን ይገፍፋል፤ ክዳኑን ከፍቶ ቤንዚን መኖሩን ያያል። አለ። ክዳኑን ይገጥማል፤ ልብሱን መልሶ ያለብሳል። ቀጥሎ የራሱን ቆብ አውልቆ፣ እጁን ጆሮው ላይ ደግፎ፣ በዚያ በደረቱ በሚመጣው ድምፁ ይለምናቸዋል፤

ይነሡ እሜቴ፣ ኩርፊያው ይበቃል፣
መንደር ከዳር ቆሞ በኛ ላይ ይስቃል።

ገመዱን ይስባል። እሜቴ ይነሣሉ። ተሳፋሪው ያጨበጭባል።

ሰው ታዲያ ምን ይበል? በዜማ የሚነሣ ሞተር ተገኘ ተባለ። ከሩቅ የመጡ ሰዎች ጉዳይ ሳይኖራቸው ተሻግረው ተመለሱ። ካፒቴኑ በወጣትነቱ ዘፋኝ ለመሆን ተመኝቶ፣ በየሰርጉ በር ቆሞ ማይክ የሚሰጠው አጥቶ የቀረ ሰው ነው፤ አሁን በስተእርጅና መሀል ሐይቅ ላይ፣ ከጀልባ ወርዶ የማያመልጥ አድማጭ አገኘ። ማዶ ሲደርሱ ቤንዚን ሊጨመር ታንኩ ይከፈታል፤ ስለዚህ ሲመለሱም ኩርፊያው ያው ድንጋዩ ዘንድ ነው። ሐይቁ ትንሽ ሰፋ ቢል ኖሮ ነገሩ ቶሎ በታወቀ ነበር። እግዜር ግን ሐይቁን ልክ በኩርፊያው ልክ ሰፍቶት ተገኘ።

ካፒቴኑ ሕክምና አልሞከረም አይባልም። ከጀልባ መቆሚያው በላይ ባለች የቆርቆሮ ጋራዥ ውስጥ ዶክተር የሚሉት መካኒክ አለ፤ የካቻቪቴውን ጫፍ ሞተር ላይ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ አድርጎ ስለሚያዳምጥ ነው። ዶክተሩ ካንዴላ ለወጠ፤ ካርቡራተር አጠበ፤ የጎማ ቱቦውን ከጫፍ እስከ ጫፍ እየጨመቀ መረመረ። ከሁሉ በፊት ግን እጁን በሳሙና ይታጠብና የታንኩን ልብስ አውልቆ፣ አጣጥፎ ጋዜጣ ላይ ያስቀምጠዋል። አንድ ጊዜ የግራሶ አውራ ጣቱን አትሞበት የካፒቴኑ ሚስት ጋራዡ ድረስ መጥታ ያለችውን አይረሳውም። ከዚያ እሜቴን በውሃ በርሜል ውስጥ አቁሞ ያስነሣቸዋል። እሜቴ ይሠራሉ። ዶክተሩ ምሳውን በልቶ ይመለሳል፤ አሁንም ይሠራሉ።

«ጤነኛ ናቸው።»

«መሀል ሐይቅ ላይ እኮ ነው የሚያማቸው!»

«እንግዲያው መሀል ሐይቁን አምጣልኝና ልየው።»

ነገሩ በዚህ ሊቀጥል ይችል ነበር፤ የካፒቴኑ ልጅ ለማዶ ሰው ባትታጭ ኖሮ። ካፒቴኑ ይህችን ልጅ ገና በጀርባዋ ተንጋላ በጀልባው አፍ ስትተኛ ጀምሮ አንድ ሕልም ሲያልም ኖሯል፤ አድጋ ትዳር ስትይዝ በገዛ እጁ ያሻግራታል። ውሃው ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ነፋሱ ይጠፋል፤ ማዶው እስኪሰማ ያዜምላታል። ልጅቷም ሌላ ጀልባ አስባ አታውቅም። «አባዬ ነው የሚያሻግረኝ» አለች፣ ስትጠየቅ፤ ነገሩ መልስ የሚያስፈልገው መሆኑ ራሱ እየገረማት።

የእጮኛዋ አባት ግን ባለ ወፍጮ ነው። ዕድሜውን ሁሉ ከሞተር ጋር ስለኖረ ሞተር አያምንም፤ በወፍጮው ጩኸት ጆሮው ስለከበደም ምሥጢር ሲያወራ እንኳ ይጮሃል።

«ወንድሜ!» አለ ቤታቸው መጥቶ፣ የሶፋውን ፕላስቲክ እያንጫጫ። «ሙሽራ መሀል ውሃ ላይ ቆማ ሰው አይስቅባትም! ያ አዲሱ ፈጣን ጀልባ አለ አይደል? እሱን እንያዝ!»

«ልጄን በሰው ጀልባ?» አለ ካፒቴኑ፤ ድምፁ ጠፋበት።

ባለ ወፍጮው ከንፈሩን አንብቦ ይሁን ልቡን፣ ትንሽ ለስለስ አለ። «እሺ! እሑድ መጥቼ እሳፈርልሃለሁ! ሳትቆም ካሻገርከኝ ልጅህን አንተ ታመጣለህ! ከቆምክ ግን አዲሱ ጀልባ ነው! ቃል?»

«ቃል» አለ ካፒቴኑ።

ከዚያ እስከ እሑድ እሜቴ ያልተፈተሸ አካል አልቀራቸውም። ካንዴላው እንደገና ተለወጠ፤ ቤንዚኑ በሻሽ ተጣርቶ ተቀዳ። ሚስትየውም እጇን አጣጥፋ አልተቀመጠችም። የባሏ ጭንቀት ሲበዛባት እሷም በምታውቀው መጣች፤ ለታንኩ አዲስ ነጭ ልብስ ሠራች፣ ለአማች ፊት የሚሆን። ለክፉም ለደጉም ብላ ፕላስቲኩን ድርብ አደረገችው።

እሑድ ጠዋት ውሃው ፈዞ፣ ወፎቹ የሚነግሩት ወሬ ያለ ይመስል ዝቅ ዝቅ እያሉ ሲበሩ፣ አራቱ ተሳፈሩ። ባለ ወፍጮው መሀል ላይ እንደ ሙሉ ጆንያ ተቀመጠ። ልጅቷ ከፊት። ሚስትየው ውሃ ስለምትፈራ በሕይወቷ አንድ ጊዜ እንኳ የባሏን ጀልባ ረግጣ አታውቅም፤ ዛሬ ግን ልጇ የምትኖርበትን ቤት ሳታይ አታድርም። ሜትሯንም በቦርሳዋ ይዛለች።

«ሜትሩ ለምንሽ ነው?» አላት ካፒቴኑ።

«መስኮት አላቸው አሉ» አለች፤ ታንኩ አጠገብ ተቀምጣ የአዲሱን ልብስ ማሰሪያ አጥብቃ አሰረችው።

እሜቴ በመጀመሪያው ገመድ ተነሡ። ካፒቴኑ ቆቡን አቃና። ዳሩ ራቀ። ባለ ወፍጮው መዳፉን የጀልባው ጎን ላይ አድርጎ ንዝረቱን ሲያዳምጥ ቆየና ራሱን ነቀነቀ፤ በጎ ምልክት ነበር። ግን ድንጋዩ ገና በሩቅ ሳለ፣ ወትሮ ከሚያኮርፉበት ሳይደርሱ፣ እሜቴ ድምፃቸው ሰለለ። ሁለት ጊዜ አሳሉ።

ጸጥ።

ካፒቴኑ ባለ ወፍጮውን ላለማየት ጎንበስ ብሎ የታንኩን ማሰሪያ ጨበጠ። ሚስቱ እጁን ያዘችው።

«ምን ልታደርግ ነው?»

«ቤንዚን ልይ።»

«ትናንት ፊቴ ሞልተኸው የለም እንዴ? አሃ! ያኛው ልብሴ ለካ እንዲህ እየገፈፍከው ነው ጭቃ ለብሶ ቤት የሚገባው! ጣቴ እስኪላጥ የሠራሁትን ወለል ላይ ልትጥልብኝ? አይነካም!»

«አንቺ ሴት፣ ሰው ፊት…»

«አይነካም አልኩ።»

ካፒቴኑ ተወው። ቤንዚኑማ መኖሩን ያውቃል፤ ዋናው ዜማው ነው። ቆቡን አወለቀ፤ እጁን ጆሮው ላይ ደገፈ። እንዲያ አዚሞ አያውቅም፤ ውሃው ራሱ ደረቱን የሰጠው እስኪመስል፤

ስንት ዘመን ሙሉ ውሃ ያሻገሩን፣
ዛሬ ባማች ፊት ምነው አሳፈሩን።

«ምን ይላል?» ብሎ ጮኸ ባለ ወፍጮው።

«ይዘፍናል» አለች ልጅቷ፤ ጆሮው ድረስ ተጠግታ።

«ለማን?»

«ለሞተሩ።»

ባለ ወፍጮው ዓይኑን ከሞተሩ ወደ ካፒቴኑ፣ ከካፒቴኑ ወደ ሞተሩ አመላለሰ።

ካፒቴኑ ገመዱን ሳበ። የለም። ሌላ ግጥም ጨመረ፤ ሳበ። የለም። በወጣትነቱ ያላስዘፈኑትን ሁሉ ያን ቀን ለእሜቴ አወረደላቸው፤ የእናቱን እንጉርጉሮ እንኳ አላስቀረባቸውም። ላቡ በግንባሩ ወረደ። እጁ መላጥ ጀመረ። ያ አዲሱ ጀልባ በማዕበሉ እያናወጣቸው አለፈና ነጂው እጁን አውለበለበ፤ «ካፒቴን! ገመድ ልወርውር ወይስ ሙዚቃው አላለቀም?»

ልጅቷ አንገቷን ደፍታ ጫማዋን አየች። ጫማዋ ላይ የሚታይ ነገር አልነበረም።

ሚስትየው የልጇን አንገት አየች። ከዚያ የባሏን እጅ። ከዚያ ሁሉ በእልህ ሆነ፤ የታንኩን ማሰሪያ በጥሳ «ይኸው! ልብስ ከሆነ ያስጠላቸው ራቁታቸውን ይሂዱ!» ብላ ጎተተችው። ፕላስቲኩ ክዳኑ ላይ እንደ ከንፈር ተጣብቆ ነበርና አልለቅም አለ። ሲለቅ ታንኩ ረጅም ትንፋሽ ወደ ውስጥ ሳበ፤ ከውሃ ሥር ብቅ እንዳለ ዋናተኛ። ወደ ውስጥ ሰርጉዶ የነበረው የቆርቆሮ ጎኑም «ድም!» ብሎ ወደ ቦታው ተመለሰ። ባለ ወፍጮው ሳይቀር ሰማው።

አራቱም ልብሱን አዩት። ልብሱ በሚስትየው ጭን ላይ ነው፤ ነጭ፣ ንጹሕ፣ ጠብታ የማያስገባ።

ካፒቴኑ ሳያዜም፣ ነገሩን ሳያምን፣ ገመዱን ሳበ። እሜቴ ተነሡ። ድንጋዩን አለፉ። ምንም ሳይሉ ማዶ ደረሱ።

ባለ ወፍጮው ከጀልባው ወርዶ ሱሪውን አራገፈ። ዓይኑን ከካፒቴኑ አሽሽቶ ተናገረ፤ ጩኸቱ ግን ያው ነበር። «ወንድሜ! እንዳትቀየመኝ! ቃል ቃል ነው! ሞተርህ ቆሟል!»

«ሞተሩ አልቆመም» አለች ሚስትየው። ካፒቴኑ ዞሮ አያት። ይህች ሴት ወጥ እንኳ ሲያርርባት እሳቱን የምትከስ ናት። «እኔ ነኝ ያቆምኩት። በዚያች ቀዳዳ ነው ለካ የሚተነፍሱት። እንዳይበርዳቸው ብዬ አፍኜአቸው ኖሬአለሁ።»

«ምን?»

«አፍኜአቸው ነው!» ብላ ጮኸች፤ ዳር ላይ የቆመው ሰው ሁሉ ሰማ። «ስንት ዓመት! እኔ!»

ባለ ወፍጮው አፉን ከፍቶ አያት። ልብሱን ከእጇ ተቀብሎ ገለበጠው፤ ድርቡን ፕላስቲክ በጣቱ ነካካው። ከዚያ እንደዚያ የሚያህል ሰው መሬት ላይ ቁጭ ብሎ ሳቀ፤ ዓይኑ እስኪያነባ። «የኔዋ…» አለ ትንፋሹ ሲመለስለት፣ «የኔዋ ወፍጮዬን ነጠላ አልብሳ እሳት አስነሥታብኛለች! ና፣ ካፒቴን፣ ወዲያ መልሰህ እንደገና አሻግረኝ! ካልቆምክ ቃላችን ይጸናል!»

ሄዱ፤ ተመለሱ። ድንጋዩ ዘንድ በደረሱ ቁጥር የካፒቴኑ እጅ ወደ ቆቡ ይሄዳል፤ አፉ ይከፈታል። እሜቴ ግን ሽው ብለው ያልፋሉ። አፉም ተመልሶ ይዘጋል።

ያን ምሽት ካፒቴኑ እራቱን አልበላም። ልጁን የሚያሻግራት እሱ ነው፤ ሕልሙ ተሳክቷል፤ ፊቱን ላየ ሰው ግን የተሳካለት አይመስልም ነበር። «ለቀዳዳ ነው ለካ ስዘፍን የኖርኩት» አለ በመጨረሻ። ሚስቱ የታንኩን ልብስ ጭኗ ላይ ዘርግታ፣ በክዳኑ ትክክል በመቀስ በስታ፣ ዙሪያውን እንደ ሸሚዝ ቁልፍ ቀዳዳ በክር ትጠልፍ ነበር።

የሠርጉ ቀን ሐይቁ ካፒቴኑ ያለመውን ያህል አልተኛም፤ ትንሽ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ነፋስም ነበረ። ሙሽራዋ ከፊት ተቀመጠች። እናት ከቦርሳዋ ሹራብ አወጣች።

«እማዬ፣ በሙሽራ ልብስ ላይ?»

«ነፋስ ይገባሻል።»

«ትንሽ ይግባኝ፣ እማዬ።»

እናት ሹራቡን እንደያዘች ቆየች። ታንኩን አየች፣ በቀዳዳው በኩል ብቅ ያለውን ክዳን። ከዚያ ሹራቡን መልሳ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

እሜቴ እንደዚያን ቀን ጨዋ ሆነው አያውቁም። መሀል ሐይቅ ላይ አጃቢው ሁሉ ለማጨብጨብ እጁን አዘጋጅቶ ነበር፤ ሞተሩ ግን የማንንም ዘፈን ሳይጠብቅ አለፈ። የካፒቴኑ ድምፅ በሞተሩ ድምፅ ሥር ተቀበረ፤ ልጁ ዞር ብላ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አየችና የሰማች መስላ ፈገግ አለችለት። ማዶ ዳር ላይ ሰው እልል አለ፤ እጅ ተዘረጋ፤ ልጅቷ ወረደች። በቃ። ዕድሜ ልክ የታለመ ነገር አንድ እግር አንሥቶ መሬት እንደማሳረፍ ቀላል ሆኖ አለቀ።

ማታ ባልና ሚስት ብቻቸውን ተመለሱ። ፀሐይዋ ውሃው ላይ ተሰባብራ ነበር። ካፒቴኑ ከኋላ መሪውን ይዟል፤ ሚስቱ ታንኩ አጠገብ ተቀምጣለች። ውሃ መፍራቷን ሁለቱም ረስተውታል። ድንጋዩ ሲቀርብ የእሜቴ ድምፅ ሰለለ። አንድ ጊዜ አሳሉ። ደገሙ።

ጸጥ።

ካፒቴኑ ዘወር ብሎ አያት። ሚስቱ ፊቷን ወደ ማዶ፣ መብራት ወደሚበራበት አዙራለች። ቀኝ እጇ ታንኩ ላይ ነው፤ መዳፏ ልብሱ ላይ የጠለፈቻትን ቀዳዳ በሚገባ ሸፍኗል። ከዳር ጀምሮ እንዲያው እንደያዘችው ሳይሆን አይቀርም።

«አኮረፉ» አለች፣ ሳትዞር።

«አኮረፉ» አለ ካፒቴኑ።

ቆቡን አወለቀ። እጁን ጆሮው ላይ ደገፈ። አድማጩ አንድ ሰው ነበር፤ በትዳር ዘመኗ ሁሉ ይህን ድምፅ ለተሳፋሪ ትታ ቤት የቀረች።

ጀልባዬ ቀለለች፣ ልጄን አወረደች፣
እኔ ደረት ላይ ነው አሁን የከበደች።

ድምፁ እስከ ሁለቱም ዳር ሄዶ ተመለሰ። ካፒቴኑ ዓይኑን በቆቡ ጠራረገና ገመዱን ጨበጠ።

«በይ፣ እጅሽን አንሺ» አላት፣ ቀስ ብሎ።

«አንድ ጨምር» አለች።